ሁለተኛው ገዢ የሚመረምረው ሞተር

በመስከረም 1963 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጀርመኑ ፖርሽ በፍራንክፈርቱ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ 901 የተባለች አዲስ የስፖርት መኪና ይዞ ቀረበ። የፈረንሳዩ ፔጆ መሐሉ ላይ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኀዝ ስም በአገሩ የራሱ መብት መሆኑን ጠቅሶ ስለተቃወመ፣ በተከታዩ ዓመት ዜሮው ወጥቶ አንድ ገባና መኪናዋ 911 ተባለች። ከኋላ የተቀመጠው ሞተሯ ሁለት ሊትር ነበር፤ ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት በቀኝ ሦስት በግራ ተጋድመው ይተያያሉ፤ ጉልበቱ 130 ፈረስ ነው። ራዲያተር የለውም። የሚያቀዘቅዙት በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ የሚነፋው አየርና ለብቻው ከተቀመጠ ጋን እየወጣና እየተመለሰ ሙቀቱን ይዞ የሚሄደው ዘይት ናቸው። የዚህን አሠራር ምንጭ አዲስ አበባ ያደገ ሰው በጆሮው ያውቀዋል። ፈርዲናንድ ፖርሽ ቮልስን ሲነድፍ ሞተሩን ወደ ኋላ ወስዶ ውኃን አስቀርቶ ነበር፤ በ1948 ብቅ ያለችው የኩባንያው የመጀመሪያ መኪና 356ም የተነሣችው ከቮልስ ሞተር ነው። በየሰፈራችን ሲንኳኳ የኖረው የቮልስ ድምፅና የጥንቱ 911 ድምፅ ዘመዳሞች ናቸው።

የዚህ ሞተር የስድሳ ዓመት ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ ፍጥነት ታሪክ ነው፤ ከ130 ፈረስ ተነሥቶ 700 አለፈ ይባልና ያበቃል። ከገዢው ወገን ሆኖ ለሚያየው ግን ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። መኪናዋን ከፋብሪካ የሚረከበው የመጀመሪያው ገዢ የሚገዛው ወረቀት ላይ የሰፈረውን ቁጥርና የኩባንያውን ቃል ነው፤ ሞተሩ ቢበላሽም ዋስትና አለው። ከእሱ የሚገዛው ሁለተኛው ሰው ግን የተነዳና ዋስትናው ያለቀ ሞተር ነው የሚረከበው። ስለዚህ ሞተሩ ከምን እንደተሠራ፣ የት ላይ እንደተቆጠበበት፣ ነዳጅ ሲረገጥ እንዴት እንደሚመልስ ይመረምራል፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው በዚያ ነው። የ911 ሞተር ካንድም ሁለት ጊዜ አቅጣጫውን ያስተካከለው በዚህ ሁለተኛ ገዢ ፍርድ ነው፤ ፍርዱም በፈረስ ጉልበት ብዛት ላይ ቆሞ አያውቅም።

የመጀመሪያው ምልክት በ1972 መጨረሻ ታየ። የውድድር ደንብ ለሕዝብ የሚሸጡ 500 መኪኖች እንዲሠሩ ስለሚጠይቅ ፖርሽ ካሬራ አርኤስ 2.7ን አወጣ። ሞተሩ 210 ፈረስ ነበረው፤ ከመኪናዋ ላይ የማያስፈልግ ነገር ሁሉ ተነቅሎ ቀላሏ ዓይነት 960 ኪሎ ግራም ብቻ ትመዝን ነበር። የሽያጭ ክፍሉ ይህን ያህል ገዢ ይገኛል ብሎ አላመነም። በጥቅምት ፓሪስ ላይ ታይታ ኅዳር ሳያልቅ 500ዎቹ አለቁ፤ ጥያቄው ስላልቆመ በጠቅላላው 1,580 ተሠሩ። ከሽያጩ ቁጥር ይልቅ ለኋላው ታሪክ የሚጠቅመን ሞተሩ ውስጥ የገባው አንድ ነገር ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ኒካሲል በተባለ፣ ኒኬልና ሲሊኮን ካርባይድ በተቀላቀለበት ስስ ልባጥ ተለብጦ ነበር። ልባጡ የመጣው በሌማን የመኪና ውድድር በ1970 ለፖርሽ የመጀመሪያውን አጠቃላይ ድል ካስገኘው ከ917 የውድድር መኪና ነው። ፒስተኑ ሺህ ጊዜ ሽቅብ ቁልቁል ቢልም ግድግዳውን አይጭረውም፤ ሥራው ውድ ነው፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው አይታይም። ይህን የማይታይ ነገር እናስታውሰው፤ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ የመኪኖችን ዋጋ ከሚለያዩት ነገሮች አንዱ ይሆናል።

917 ሌላም ነገር አስተማረ። በሰሜን አሜሪካው ካን-አም ውድድር በ1972 እና በ1973 ያሸነፉት የ917 ዓይነቶች ተርቦ የተገጠመላቸው ነበሩ፤ የመጨረሻው ከ1,000 ፈረስ በላይ ነበረው። ተርቦ ከሲሊንደር የሚወጣው የጋለ ጭስ በማርሚታ ባክኖ እንዳይቀር በመንገዱ ላይ አንዲት ትንሽ መዘውር እንዲያዞር ያደርጋል፤ በዚያው ዘንግ ጫፍ ያለችው ሌላዋ መዘውር ንጹሕ አየር አምቃ ወደ ሲሊንደር ትገፋለች፤ አየር በበዛ መጠን ቤንዚን ይጨመራል፤ ትንሹ ሞተር የትልቁን ጉልበት ያወጣል። ፖርሽ ይህን ወደ መንገድ ያመጣው በአስቸጋሪ ወቅት ነበር። በጥቅምት 1973 የዓረብ አገሮች የነዳጅ ማዕቀብ ተጣለ፤ ምዕራብ ጀርመን በዚያው ዓመት መጨረሻ ለጥቂት እሁዶች መኪና መንዳትን እስከ መከልከል ደረሰች። ከዓመት በኋላ በጥቅምት 1974 ባለ ሦስት ሊትሩና ባለ 260 ፈረሱ 911 ተርቦ ፓሪስ ላይ ቀረበ። አስቸጋሪ መኪና ነበረች። አሽከርካሪው ኩርባ መሐል ላይ ቤንዚን ይረግጣል፤ ተርቦዋ ፍጥነቷን እስክትይዝ ድረስ ምንም የለም፤ ከዚያ ኃይሉ ሁሉ ባንዴ ይመጣል። ደንግጦ እግሩን ካነሣ ደግሞ ከኋላው አክስል አልፎ የተንጠለጠለው የሞተር ክብደት ጅራቷን ወደ ውጭ ይወረውራታል። በ1977 የታመቀውን አየር የሚያበርድ ማቀዝቀዣ ተጨምሮ ሞተሩ 3.3 ሊትርና 300 ፈረስ ሲሆን እንኳ ይህ ጠባይዋ አልለቀቃትም፤ ማርሿም እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ አራት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ በደንብ ተሸጠች። ገዢው የሚከተለው ቁጥር ነው የሚል ሰው እዚህ ላይ ጠንካራ ማስረጃ አለው፤ አልክደውም። ግን ያው ሞተር ግፊት ሲጨመርበት የቻለው ለውድድር ተብሎ አለልክ ጠንክሮ ስለተሠራ መሆኑን ባለቤቶቹም መካኒኮቹም ያውቁ ነበር፤ ተርቦ ካለፉት 911ዎች የወረሰችው ትልቁ ሀብት ይህ ስም ነው።

በዚህ መካከል ኩባንያው ራሱ በ911 ላይ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኤርንስት ፉርማን የወደፊቱን ያየው በ928 ውስጥ ነው፤ ሞተሯ ከፊት፣ ስምንት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ። በመሐንዲስ ዓይን ከታየች 928 የበለጠች መኪና ነበረች፤ በ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ተመርጣለች፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ያን ክብር ያገኘች ሌላ የስፖርት መኪና የለችም። የ911 ደንበኞች ግን አልተሻገሩም። በ1981 ሥራ አስኪያጅ ሆኖ የመጣው ፒተር ሹትስ በልማት ኃላፊው በሄልሙት ቦት ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰንጠረዥ ያያል፤ የ928ና የሌላዋ የኩባንያው መኪና የ944 መስመር ወደ ፊት ይቀጥላል፤ የ911 ግን በ1981 መጨረሻ ይቆማል። ሹትስ በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ማርከር አንሥቶ የ911ን መስመር ከሰንጠረዡ አሳልፎ በግድግዳው ላይ አሰመረውና ቦትን ገብቶት እንደሆነ ጠየቀው። የዚህን ታሪክ ጀግንነት ለሹትስ ብቻ መስጠት ልማድ ሆኗል። በእኔ ግምት መስመሩን ያስቀጠሉት የተሻለ መኪና ቀርቦላቸው ያልገዙት ሰዎች ናቸው፤ ሹትስ ያደረገው እነሱን መስማት ነው።

ገዢው ግን ሁሉ ነገር ላይ ልክ አልነበረም፤ ሞተሩ በአየር ይቀዝቅዝ ወይስ በውኃ በሚለው ክርክር መሐንዲሶቹ ትክክል ነበሩ። አንድ ሲሊንደር በሁለት ቫልቭ ፋንታ በአራት ሲተነፍስ የበለጠ አየር ይገባዋል፤ ቤንዚኑም በደንብ ይነድዳል። ነገር ግን አራት ቫልቭ የታጨቀበትን ቴስታታ አየር ነፍቶ ማቀዝቀዝ እጅግ ይከብዳል፤ በቫልቮቹ መካከል ያለው ብረት ይግላል። የፖርሽ የውድድር መኪኖች ይህን ቀድመው አወቁት፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የታየችው 959ም ሲሊንደሯን በአየር፣ ባለ አራት ቫልቭ ቴስታታዋን በውኃ እያቀዘቀዘች ከ2.85 ሊትር 450 ፈረስ አወጣች። ለተራዋ 911 ይህ ቅንጦት አልደረሳትም። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣችው 964 ሁለት ቫልቯን ይዛ በያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ጨመረች፤ በ1993 የተካቻት 993 ያንኑ ሞተር እስከሚቻለው አለሰለሰችው። ውኃ በሲሊንደር ዙሪያ ሲኖር ድምፅ ይታፈናል፤ አየር ብቻ ሲሆን ሁሉም ይሰማል፤ የድምፅና የጭስ ሕጎች በየዓመቱ እየጠበቁ ሲሄዱ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር መውጫ አጣ። የመጨረሻዋ 993 በ1998 ከመስመር ወረደች፤ በሌላ መንገድ ሊቀጥል ይችል ነበር የሚል ወገን እስከ ዛሬ አለ፤ እኔ ግን የተጨበጠ ማስረጃ አላየሁለትም።

ወደ ውኃ የተደረገው ለውጥ የመጣበት ሁኔታ ግን ለሞተሩ የማይመች ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ50 ሺህ በላይ የነበረው የኩባንያው ዓመታዊ ሽያጭ በ1993 ወደ 14 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር፤ ፖርሽ ይሸጣል የሚል ወሬ በየጊዜው ይናፈስ ነበር። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ቬንደሊን ቪደኪንግ ከቶዮታ አሠራር የወጡ ጃፓናውያን አማካሪዎችን ወደ ሽቱትጋርት አምጥቶ ፋብሪካውን ከሥሩ ገለበጠው፤ በመለዋወጫ የተሞሉትን ረጃጅም መደርደሪያዎች ለማሳጠር መጋዝ ይዞ በገዛ እጁ እስከ መቁረጥ ደርሷል። መጋዙ ሞተሩንም ነካው። በ1996 የወጣችው ርካሿ ቦክስተርና በ1997 የወጣችው 996 የሚባለው የ911 ትውልድ በአንድ የሞተር ቤተሰብ፣ በብዙ የጋራ ዕቃ፣ አልፎም በአንድ ዓይነት የፊት መብራት ተሠሩ። አዲሱ 3.4 ሊትር ሞተር ባለ አራት ቫልቭ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ 300 ፈረስ ያለው ነበር፤ ካለፈው ፈጠነ፣ ጸጥ አለ፣ ነዳጅ ቀነሰ። የመጀመሪያው ገዢ ተደሰተ፤ ኩባንያውም ከሞት ተረፈ። ይህን ሳይመሰክሩ ያንን ዘመን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

ሁለተኛው ገዢ ወደ ጋራዥ ሲወስደው ግን ሌላ ነገር ተገኘ። በዚህ ሞተር ሆድ ውስጥ የክራንክ ሻፍቱን ዙር በሰንሰለት ተቀብሎ ቫልቮቹን ወደሚከፍቱት ዘንጎች የሚያስተላልፍ መካከለኛ ዘንግ አለ። የዘንጉ አንድ ጫፍ የሚያርፈው በፋብሪካ ግሪስ ተሞልቶ በታሸገ የኳስ ኩሽኔታ ላይ ነው። ማሸጊያው በጊዜ ብዛት ሲላላ የሞተር ዘይት ይገባና ግሪሱን ያጥበዋል፤ የገባው ዘይት ደግሞ መውጫ አጥቶ እዚያው ይበላሻል። ኳሶቹ ይፋቃሉ፤ ዘንጉ ይወዛወዛል፤ ሰንሰለቱ አንድ ጥርስ ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያን ጊዜ ሞተሩ ጥገና የለውም፤ ወርዶ ሌላ መግባት አለበት። በድሮው ሞተር ይኸው ዘንግ የሚዞረው በግፊት በሚመጣ ትኩስ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነበር፤ የሚፋቅ ኳስም የሚላላ ማሸጊያም አልነበረውም። የሲሊንደሩ ግድግዳም ኒካሲል መሆኑ ቀርቶ ሲሊኮን በአሉሚኒየሙ ውስጥ የተቀበረበት በቀላሉ የሚመረት ዓይነት ሆነ፤ ከጊዜ በኋላ አንዳንዶቹ ላይ ፒስተኑ ግድግዳውን መጫር ጀመረ። አብዛኞቹ ሞተሮች ያለ ችግር ዕድሜያቸውን ኖረዋል፤ ሆኖም ማንኛው እንደሚሰበር ከውጭ ማወቅ ስለማይቻል ስጋቱ ለሁሉም ደረሰ። በአሜሪካ የባለቤቶች የጋራ ክስ ቀርቦ ከ2001 እስከ 2005 የተሠሩ ቦክስተርና 911ዎችን የሚመለከት ስምምነት በፍርድ ቤት ጸደቀ።

የተራዋ 996 ካሬራ ዋጋም ወረደና ካገለገሉት 911ዎች ሁሉ ለረጅም ዓመታት ርካሿ ሆነች፤ ከሷ የምትዘገየውና በአየር የምትቀዘቅዘው 993 ግን እያደር ተወደደች። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው ገበያው ውኃን ጠላ ብሎ ደመደመ። ድምዳሜው ስሕተት መሆኑን ለማየት ከራሱ ከ996 ትውልድ አልፎ መሄድ አያስፈልግም። በ1999 የወጣችው ጂቲ3ና በ2000 የተከተለችው ተርቦ በዚያው አካል ውስጥ የያዙት ሌላ ሞተር ነበር። የሞተሩ አካል ከድሮው የአየር ሞተር ይወርዳል፤ በ1998 ሌማንን ካሸነፈው ጂቲ1 ጋር ሥጋ ዘመድ ነው፤ ሲሊንደሩ ኒካሲል ነው፤ መካከለኛው ዘንግ በግፊት ዘይት ላይ ይዞራል። ሰዎች እስከ ዛሬ በመሐንዲሱ በሐንስ ሜትስገር ስም ይጠሩታል። ሜትስገር የ911ን የመጀመሪያ ሞተር፣ የ917ን ባለ 12 ሲሊንደር፣ እንዲሁም በ1984፣ በ1985 እና በ1986 የማክላረንን አሽከርካሪዎች የፎርሙላ አንድ ሻምፒዮን ያደረገውን ተርቦ ሞተር ያበጀ ሰው ነው። ይህም ሞተር በውኃ ነው የሚቀዘቅዘው። በውኃ እየቀዘቀዘ ግን ዋጋውን ጠበቀ፤ ሻጮች በማስታወቂያቸው ላይ የሜትስገርን ስም ከጉልበቱ አስቀድመው ይጽፋሉ።

ተቃውሞው ይገባኛል። የ996 ዋጋ የወረደው በሞተሩ ሳይሆን በተጠላው የፊት መብራቷ፣ ርካሽ በሚመስለው የውስጥ ፕላስቲኳና በብዛት በመሠራቷ ነው የሚሉ አሉ፤ ጂቲ3 ደግሞ ጥቂት ስለሆነች፣ ተርቦም ከመጀመሪያው ውድ ስለነበረች ነው ይላሉ። እውነትነት አለው። ስለዚህ መብራቱም ብዛቱም የማያከራክርበትን ማስረጃ እንይ። በ2004 የወጣችው 997 ክቡን መብራት መልሳለች፤ የውስጥ ሥራዋም ተስተካክሏል፤ በብዛትም ተሸጣለች። በ2008 ኩባንያው በዚያው አካል ላይ ከሥሩ አዲስ የሆነ ሞተር አስገባ፤ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይረጫል፤ ያ መካከለኛ ዘንግ ከነኩሽኔታው ጠፍቷል። ከውጭ ሁለቱን መለየት የሚችለው መብራቷንና መከላከያዋን አስተውሎ የሚያይ ሰው ብቻ ነው። ያገለገለ መኪና ገበያ ላይ ግን በፊተኛዋና በኋለኛዋ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የአንድና የሁለት ዓመት ዕድሜ ከሚያመጣው በግልጽ ይሰፋል። የፊተኛዋን የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄም ምክንያቱን ይነግረናል፤ ፍሪሲዮኑ ሲቀየር ኩሽኔታው አብሮ ታይቷል ወይ ይላል፤ ምክንያቱም ወደ ጫፉ የሚደረሰው ካምቢዮና ፍሪሲዮን ሲወርድ ነው። ጠንቃቃው ደግሞ የዘይት ፊልትሮውን አስቆርጦ እጥፋቱን እየገለጠ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ይፈልግበታል፤ ካንዴላ አስፈትቶ በቀዳዳው ቀጭን ካሜራ አስገብቶ የሲሊንደሩን ግድግዳ ጭረት ያያል፤ ሞተሩ ስንት ጊዜ ከዙር ገደቡ እንዳለፈ ከኮምፒውተሩ ያስነብባል። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም ስለ ፈረስ ጉልበት አይደለም።

ይህ ፍርድ ወደ ፋብሪካው የተመለሰበትን መንገድ የሚያሳየው ቀጣዩ አሥር ዓመት ነው። የሜትስገር ሞተር ሲሰናበት በ2013 የመጣችው ጂቲ3 3.8 ሊትር፣ 475 ፈረስና እስከ 9,000 ዙር የሚደርስ አዲስ ሞተር ይዛ መጣች፤ ካምቢዮዋ ግን ፒዲኬ የተባለው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ብቻ ሆነ፤ በሰዓት ተለክቶ ስለሚፈጥን። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሁለት መኪኖች በእሳት ተያያዙ። ምክንያቱ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ በሚያገናኘው ዘንግ ላይ የላላ ብሎን ሆኖ ተገኘ፤ ኩባንያው ባለቤቶቹ መኪናቸውን እንዳይነዱ ነግሮ የ785ቱንም ሞተር በሙሉ በአዲስ ለወጠ። ከ996 ዘመን ጋር ስናስተያየው የተማረው ትምህርት ይታያል፤ ያኔ ነገሩ ፍርድ ቤት እስኪደርስ ተጠበቀ፤ አሁን ግን ስሙ ሳይበላሽ ሞተሩ ተለወጠ። በ2016 ደግሞ 911 አር ጄኔቫ ላይ ቀረበች፤ ባለ አራት ሊትርና 500 ፈረስ፣ ተርቦ የሌላት፣ በእጅ በሚቀየር ስድስት ማርሽ፣ በ991 ብዛት ብቻ የተሠራች። ሁሉም ወዲያው አለቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ከተገዙበት ዋጋ በብዙ እጥፍ ለሽያጭ ቀረቡ። የሚያተርፈው ነጋዴ ነው ይባላል፤ ትክክል ነው። ነጋዴ ግን ትርፍ የሚያገኘው ሌላ ሰው የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ ሲይዝ ነው፤ እዚህ የተፈለገው ደግሞ ከፒዲኬ የሚዘገየው የእጅ ማርሽ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጂቲ3 በእጅ ማርሽም መታዘዝ ቻለች።

ዋናው ተቃውሞ የሚመጣው ከተራዋ ካሬራ ነው። በ2015 የአውሮፓ የካርቦን ልቀት ደንብ ሲጠብቅ ፖርሽ ያለ ተርቦ የሚተነፍሰውን 3.4 ሊትር ሞተር ጥሎ ለካሬራ ሁለት ተርቦ ያለው ሦስት ሊትር ሰጣት። ጉልበቱ ከ350 ወደ 370 ፈረስ፣ የማዞር ኃይሉ ከ390 ወደ 450 ኒውተን ሜትር ወጣ፤ ያም ከ1,700 ዙር ጀምሮ ይገኛል። የ1974ቷ ተርቦ ታስጠብቀው የነበረው ክፍተት ከሞላ ጎደል ተዘግቷል። ገዢዎች ገዟት፤ ወደዷትም። እንግዲህ ገዢው የሚፈልገው ፍጥነት ነው፣ 9,000 ዙርን በሕዝብ መንገድ ላይ ማን ይደርስበታል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በሚቀጥለው ዓመት በቦክስተርና በእህቷ በኬይማን ላይ በሆነው ነገር ውስጥ ነው። 718 የሚል ስም ሲሰጣቸው ስድስቱ ሲሊንደር ወጥቶ ተርቦ ያለው አራት ሲሊንደር ገባ። ከቀደሙት ፈጠኑ፤ 300ና 350 ፈረስ ነበራቸው፤ ነዳጅም ቆጠቡ። ተቃውሞው ግን አልበረደም፤ ያገለገሉት ባለ ስድስት ሲሊንደር ኬይማኖች ተፈላጊነት ጨመረ። በ2019 ኬይማን ጂቲ4 ተርቦ የሌለው አራት ሊትርና ስድስት ሲሊንደር ይዛ ተመለሰች፤ በ2020 ጂቲኤስ የተባለችው ዓይነትም ያንኑ አገኘች። ስለዚህ ካሬራ ላይ ገዢው ተርቦን የተቀበለው ስድስቱ ሲሊንደርና ምላሹ ስለቀሩለት ነው፤ እነሱ ሲነኩበት ፍጥነት አላካሰውም። አንድ ሰው 9,000 ዙር ባይደርስም 4,000 ላይ እግሩ ሲንቀሳቀስ ሞተሩ እኩል ሲንቀሳቀስለት ያውቃል፤ በሕዝብ መንገድ ላይ በየቀኑ የሚገኘው ጥቅም ይህ ነው።

በ2024 የወጣችው የ911 ጂቲኤስ ለክርክሩ አዲስ ምዕራፍ ከፍታለች። 3.6 ሊትር ሞተሯ አንድ ተርቦ ብቻ አለው፤ በተርቦዋ ዘንግ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተር ተቀምጦ ጭሱ እስኪመጣ ሳትጠብቅ ያስነሣታል፤ ካምቢዮው ውስጥ ሌላ ሞተር አለ፤ ባትሪዋ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። የካቢኗን አየር ማቀዝቀዣ የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ስለሆነ ቺንጋው ቀርቶ ሞተሩ በ110 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል። በጠቅላላው 541 ፈረስ ታወጣለች፤ በኑርቡርግሪንግ የውድድር ሜዳ ላይ ከቀዳሚዋ በ8.7 ሰከንድ ፈጥናለች። የእጅ ማርሽ የላትም። በ2025 በዚሁ መንገድ ሁለት ኤሌክትሪክ ተርቦ ያላት ተርቦ ኤስ 711 ፈረስ ደረሰች። በመሐንዲስነት የሚደነቅ ሥራ ነው፤ በ1974 የተጀመረውን ችግር ከምንጩ አድርቆታል። እኔ ዛሬ በቁጥሩ ብቻ ተመርቶ ለሚገዛ ሰው የምለው፣ የእነዚህ መኪኖች እውነተኛ ዋጋ ገና አልተቆረጠም ነው። ዋስትናቸው ሲያልቅ ሁለተኛው ገዢ ስለ ባትሪው ዕድሜ፣ ስለ ተርቦዋ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ከኩባንያው ውጭ የሆነ መካኒክ ሊጠግነው ስለመቻሉ ይጠይቃል፤ በ996 ላይ እንደሆነው መልሱ ለመጥራት ዓመታት ይወስዳል።

በዚያው በ2024 የታደሰችው ጂቲ3 ደግሞ አራት ሊትር ሞተሯን ያለ ተርቦና ያለ ባትሪ ይዛ ቀጥላለች። የጭስ ደንቡን ለማሟላት አራት የጭስ ማጣሪያ ካታሊስቶችና ሁለት የብናኝ ፊልትሮዎች ተገጥመውባት ሞተሩ ታፍኗል፤ መሐንዲሶቹ የቴስታታውንና የቫልቭ ዘንጎቹን ሥራ እያሻሻሉ የጠፋውን ጉልበት መልሰው 510ሩን ፈረስ አስጠብቀዋል። ከተርቦ ኤስ በ201 ፈረስ ታንሳለች፤ ለማዘዝ ቅጹን የሚሞላ ሰው ግን ዛሬም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስድስት የእጅ ማርሽ ብሎ መምረጥ ይችላል።